አሥራ ስድስት ላይ የቆሙት ልጆች

[ሸዋ ሮቢት፣ 1978 ዓ.ም.። የቀበሌው አዳራሽ በር። በረቂቁ ሕገ መንግሥት ላይ የተጠራው ውይይት ለእረፍት ተቋርጧል። የሻይ ቤቱ ባለቤት ሞገስ፣ ከቀወት የመጣውን ገበሬ ጀይላንን ጥግ አስይዞ ይቆጣዋል።]

ሞገስ፦ አዳራሹ በሙሉ ሲያጨበጭብልኝ አንተ ብቻ ግትር ትላለህ?

ጀይላን፦ ዱላዬን ማን ይያዝልኝ፣ ጋሼ?

ሞገስ፦ መሬት አታስቀምጠውም?

ጀይላን፦ ባለፈው አስቀምጬ ሳጨበጭብ ወሰዱብኝ። ደግሞ የተናገሩት አልገባኝም።

ሞገስ፦ ድሮስ መቼ ገብቶህ ያውቃል። ረቂቁ መራጭ አሥራ ስምንት ዓመት ይሙላው ይላል። እኔ ይሻሻል፣ አሥራ ስድስት ይሁን አልኩ።

ጀይላን፦ አሥራ ስምንቱ ምን አጠፋ?

ሞገስ፦ እዚህ አገር አሥራ ስምንት የሞላው ወንድ አለ እንዴ? አሥራ ስምንት የሞላውን የሚያዘምተው ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ የሁሉም ልጅ አሥራ ስድስት ላይ ቆሟል። ማን ይምረጥ?

ጀይላን፦ የእርስዎም ልጅ ተፈራ ቆሟል።

ሞገስ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ከቆመ ሦስት ዓመቱ። የኔ ግን በዘዴ ነው። እንዳንተ ጢማሙን ልጅህን ሙሳን አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው ብዬ አላስመዘገብኩም። አገር ይስቅብሃል።

ጀይላን፦ ሚስቱም ትስቃለች። ወሯ ገብቷል።

ሞገስ፦ ደንቆሮ። ስብሰባውን የሚመራው ካድሬ እጄን እንዴት እንደጨበጠኝ አላየህም?

ጀይላን፦ አየሁ። ሰዉን ብድግ ያደረገው የመጨረሻው ንግግርዎ ምን ነበር?

ሞገስ፦ መብት ያለ ግዴታ የለም፤ በአሥራ ስድስት የሚመርጥ በአሥራ ስድስት ጠመንጃ ይያዝ አልኩ።

ጀይላን፦ ሰዉ ሰምቶ ነው ያጨበጨበው?

ሞገስ፦ ስብሰባ ላይ ማን ይሰማል።

ጀይላን፦ ካድሬውስ?

ሞገስ፦ እሱማ ሰምቷል። «ሕጉ እስኪጸድቅ ምን አስጠበቀን? የአሥራ ስድስቶቹን የውትድርና ምዝገባ ነገ ከጋሽ ሞገስ ቤት እንጀምር» አለ። ክብር ይሏል ይሄ ነው።

ጀይላን፦ ወላሂ ክብር ነው። ተፈራ ስንት ዓመቱ ነው አሉኝ?

ሞገስ፦ አሥራ ስድ... [ግድግዳውን ይደገፋል።]

ጀይላን፦ ጋሼ?

ሞገስ፦ ያለኝ እሱ ብቻ ነው፣ ጀይላን። አሥራ ሁለት ነው ብልስ?

ጀይላን፦ አገር ይስቅብዎታል። [ዱላውን ያስጨብጠዋል።] እስቲ ይያዙልኝ። አሁን ገባኝ፤ ላጨብጭብልዎ።