ለቴነር የሚሆን ኤምፒስሪ

የማወራላችሁ ጣት ስለምታክል የሙዚቃ ማጫወቻ ነው፤ ሰምታችሁኝ ጊዜዬን በላው እንደማትሉ ቃል እገባለሁ። ኤምፒስሪ መምረጥ ቀላል የሚመስለው ገዝቶ ለማያውቅ ሰው ነው። ሱቅ ገብታችሁ ስትቆሙ ጊጋባይቱ፣ ባለ ቀለም ስክሪኑ፣ ቪዲዮው፣ ሁሉም ይጠራችኋል። እኔ ኮርስ ሳልገባ የተበላሸ እየፈታሁ፣ ከየካርቶኑ የወጣ ወረቀት እያነበብኩ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ማስረዳት እወዳለሁ። ሳይጠይቁኝም አስረዳለሁ።

ታምራት ግን ጠየቀኝ። ታምራት ወሰን በሚባለው ሰፈር ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው፤ እሑድ ቀበና ባለችው የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናችን፣ እኔ ወፍራሙን የወንድ ድምፅ፣ ባሱን፣ በምይዝበት ኳየር፣ ከባስ ቀጠን ያለውን ቴነር ይዘምራል። ይዘምራል እንኳ ለማለት ይከብዳል። በቴነር ይጀምርና ሦስተኛው ስንኝ ላይ ቀጭን ድምፅ ያላቸው ሴቶች፣ ሶፕራኖዎቹ፣ ይዘውት ይሄዳሉ፤ በዚያ ጎርናና ድምፁ! ኖታ የሚያነብ የለንም፣ የምናጠናው በጆሮ ነው። አሠልጣኛችን ታግሦ ታግሦ፣ "ቅዳሜ ልምምድ ላይ ከሳትክ፣ እሑድ ከምእመኑ ጋር ቁጭ ብለህ ትሰማለህ" አለው።

ያን እሑድ ደግሞ እናቱ ሊመጡ ነው። እትዬ አስካለ የእንጦጦ ሰው፣ ጽኑ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ልጃቸው ወደኛ ከመጣ ጀምሮ ደጃፋችንን ረግጠው አያውቁም። አሁን ግን "እስቲ የምትዘምረውን ልስማው" ብለዋል።

ሥራ ላይ ሆኖ መዝሙሩን እየሰማ የሚያጠናበት ማጫወቻ ፍለጋ ጉርድ ሾላ አንድ ሱቅ ገባን። ባለሱቋ ሁለት ዘረጋችልን፦ አንዱ ባለ ስክሪን፣ ሌላዋ በአንድ የሪሞት ድንጋይ የምትሠራ፣ ባለ ትልልቅ ቁልፍ። እኔ ስለ ስክሪኑ ሳስረዳ፣ ታምራት አንገቱ ላይ ካንጠለጠለው ፍላሽ አሠልጣኛችን የቀዳልንን መዝሙር በሱቁ ኮምፒውተር ሁለቱም ላይ አስጫነ። ከዚያ ታክሲ ውስጥ እንደምናደርገው የጆሮ ማዳመጫውን ተካፈልን፤ ግራው ለእኔ፣ ቀኙ ለእሱ።

"ሴቶቹ የት ሄዱ?" አለ።

"እንዴት የት ሄዱ? ጆሮዬን እየበሱኝ! የጠፋነውስ እኛ ወንዶቹ ነን።"

"በቃ፣ ተበላሽቷል።"

"አይ፣ ይኼ ማለት እኮ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ወንድሜ፣ ማስረዳቱን ተውና ተቀያየሩ" አለች ባለሱቋ።

ተቀያየርን። ወንዶቹ ወደ እኔ መጡ፣ ሴቶቹ ወደ እሱ ሄዱ። ለካ አሠልጣኛችን በሁለት ማይክ ሲቀዳ ሴቶቹን በግራ፣ ወንዶቹን በቀኝ አድርጎናል። ስቴሪዮ የሚለውን ቃል ስንት ካርቶን ላይ አንብቤዋለሁ! ማንበብ እንጂ መስማት አልነበረም።

ታምራት የቀኙን ብቻ ሰክቶ ቆየና፣ "እህቴ፣ አንዷን ቦታ ብቻ ደጋግሞ ያሰማል?" አላት። ባለ ስክሪኑ አያሰማም። ትንሿ ግን መጀመሪያው ላይ ጫን፣ መጨረሻው ላይ ጫን ሲያደርጓት ያችኑ ስንኝ ብቻ ሳትታክት ትደግማለች። መብራት በፈረቃ በሆነበት ዘመን የሪሞት ድንጋይ ደግሞ የትም አይጠፋም። ቁልፏም ግራሶ የነካው አውራ ጣት አያስቸግራትም።

"ይቺን ነው፣ ፕሮፌሰር" አለኝ። ስለ ቪዲዮው ለማንሳት እንኳ አፈርኩ።

ሳምንቱን ሙሉ የመኪና ካምቢዮ ሥር ተኝቶ፣ በአንድ ጆሮው ቴነር እየሰማ ሦስተኛዋን ስንኝ ሸመደዳት። ቅዳሜ ሶፕራኖዎቹ ቢጎትቱት ንቅንቅ አላለም። አሠልጣኛችን ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

እሑድ ዘመርን። ስንወጣ እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቆመዋል።

"እማዬ፣ እንዴት ነበር?"

"ዜማው ያምራል። ግን አንተ ልጅ፣ ሰው ሁሉ በአንድ ሲሄድ አንተ ለምን ትስታለህ? አላጠናኸውም እንዴ?"

እሳቸው ባደጉበት ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ አንዱን ዜማ አብሮ ነው የሚያዜመው! ላስረዳ አፌን ስከፍት ታምራት እግሬን ረገጠኝ። ማጫወቻዋን አወጣና የቀኙን ከነጠላቸው ሥር ጆሯቸው ላይ ሰካላቸው። "ይኼ የኔ ነው።" ነቀለና ግራውን ሰካ። "ይኼ የሴቶቹ።" ከዚያ ሁለቱንም።

መዝሙሩ አለቀ፣ እትዬ አስካለ ግን አላወለቁትም።

"ድገምልኝ እስቲ" አሉ።

እናንተም ኤምፒስሪ ልትገዙ ስትሄዱ በቃላችሁ የምታውቁትን አንድ ዜማ ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ በአንድ ጆሮ፣ ከዚያ በሌላው፣ ከዚያ በሁለቱም ስሙት። ዛሬውኑ ሞክሩት፤ ባለሱቁ ቢቆጣ እኔ ነኝ ያልኳችሁ።