ጠብ የሌለበት የዕርቅ ፊልም

ሰላም እንደ መና ከሰማይ ዝም ብሎ አይወርድም፤ ዕቅድ፣ ኮሚቴና ማኅተም ይፈልጋል። ይህን ጥልቅ እውነት ከሁሉ ቀድመው የተረዱት የሰላምና የኪነ ጥበብ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነበሩ። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሰዎች በአንድ የፍሳሽ ቦይ የተነሣ ሰባት ዓመት ሙሉ እሳትና ጭድ ሆነው ሲኖሩ፣ ኃላፊው ቦዩን ከማስጠረግ የላቀ መፍትሔ አፈለቁ፤ ዘጋቢ ፊልም። ቦይ ያስጠረገማ ስንቱ ተራ ሰው አለ!

ሥራው ለፊልም ሠሪዋ ተሰጣት። ምስኪን፣ ሰው ሲናገር የማዳመጥ ክፉ ልማድ ነበረባት። ሦስት ሳምንት ካሜራዋን ተሸክማ ቦዩን ወዲህና ወዲያ ስትሻገር ከረመች። የታች ሰፈሯ ልብስ አጣቢ፣ "ጥራጊያቸውን ይለቁብናል፤ ያሰጣሁት አንሶላ ሁሉ ይሸታል" አለቻት። የላይ ሰፈሩ አናጢ ደግሞ ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ እያሳየ፣ "ይኸው የእነሱ ድንጋይ ነው፤ ማን እንደወረወረው እንኳ አላውቅም" ብሎ እንባው መጣ። ፊልም ሠሪዋ ምስሉን ስታቀናብር አብራው አለቀሰች። ሁለቱ ሰፈሮች ይህን ቢያዩ አንድ ነገር ይሆናል ብላ ልቧ ነገራት።

ገምጋሚ ኮሚቴው ግን ያለው ልብ ሳይሆን ቃለ ጉባኤ ነበር።

"ግሩም ፊልም ነው" አሉ ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው። "ጠቡ ብቻ ይውጣ።"

"ጠቡ ከወጣ ዕርቁ ከየት ይመጣል ጌታዬ?"

"ከመሥሪያ ቤታችን ነዋ!"

"ድንጋዩስ?"

"አፍራሽ ነው።"

"የሰውየው ጠባሳስ?"

"ኮፍያ ያድርግ።"

ጠቡ ተቆርጦ ወጣ። በቦታው የኃላፊው የሠላሳ ስድስት ደቂቃ ንግግር ገባ። በንግግሩ መክፈቻ ላይ ነጭ ርግብ ከእጃቸው እንድትበር ታቅዶ ነበር። ርግቧ ግን መብረሩን ትታ አናታቸው ላይ ወጥታ ተመቻቸች። ጸሐፊያቸው በመጥረጊያ "እሽ!" ብትላት ይባስ ብላ ዐይኗን ጨፈነች።

"ተያት" አሉ ኃላፊው አንገታቸውን ሳያነቃንቁ። "ሰላም ራሴ ላይ ማረፏ ተምሳሌታዊ ነው። ይቀረጽ!"

የምረቃው ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። የላይ ሰፈር በቀኝ፣ የታች ሰፈር በግራ፣ መሐል ላይ ማንም የማይደፍረው ባዶ መተላለፊያ። ፊልም ሠሪዋ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። መብራቱ ጠፋ፤ የተራኪው ድምፅ ተንቆረቆረ። "ሁለቱ ሰፈሮች ከጥንት ጀምሮ በፍቅር ከመኖር በቀር ተጣልተው አያውቁም።"

አናጢው ብድግ አለ። "ምን? ሰባት ዓመት ሙሉ ታዲያ ምን ስንሠራ ነበር?"

"እውነቱን ነው!" አለች ልብስ አጣቢዋ ከወዲያ ተነሥታ። "ተጣልተናል እንጂ! ድንጋይ ተወራውረናል! እኔው ራሴ ወርውሬያለሁ፤ የእሱ ግንባር ምስክሬ ነው!"

የአዳራሹ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

"እርስዎ ነዎት እንዴ?" አለ አናጢው።

"እኔ ነኝ" አለች። "አጥሩን ለመምታት ነበር የወረወርኩት። ያን ጠባሳ ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ።"

አናጢው ግንባሩን ዳበስ ዳበስ አደረገ። "አጥሩማ እኮ ከእኔ አሥር ክንድ ይርቅ ነበር፣ እትዬ! ይህ ምን ዓይነት ዒላማ ነው?"

መጀመሪያ እሱ ሳቀ። ቀጥሎ እሷ፣ ከዚያ የቀኙም የግራውም። ይሄኔ በሸራው ላይ ርግቧ የኃላፊውን አናት እንደ ርግብ አመሏ በኩስ ስታበላሸው ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ሰዉ መተላለፊያውን እየጣሰ ተቀላቀለ፤ "ነገ ጠዋት ቦዩን አብረን እንጥረገው!" የሚል ድምፅ ተሰማ።

ፊልም ሠሪዋ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ካሜራዋን አነሣች።

"ካሜራሽን አጥፊ!" ጮኹ ኃላፊው። "ይህ በስክሪፕቱ ውስጥ የለም!"

ያልሰማች መስላ መቅረጿን ቀጠለች።

በማግስቱ ሁለቱ ሰፈሮች አካፋ እየተቀባበሉ ቦዩን ሲጠርጉ የጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ደረሳቸው። ፊልም ሠሪዋ ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

"ጽሕፈት ቤታችን በዘንድሮው ዕቅድ ዕርቃችሁን ለአራተኛው ሩብ ዓመት የያዘው ሆኖ ሳለ፣ ያለ ፈቃድና ያለ ኮሚቴ በመታረቃችሁ ሥራችንን አስተጓጉላችኋል። ስለሆነም ጊዜው እስኪደርስ ድረስ ወደ ቀድሞ ጠባችሁ በአስቸኳይ እንድትመለሱ በጥብቅ እናሳስባለን።

ከሰላምታ ጋር።"