ከአእምሮ ሕመም ነጻ የወጣችው ወረዳ

ታሪክ የመዝገብ ቤት ሠራተኛን ስም አይጽፍምና፣ የራሴን ትቼ የአለቃዬን የአቶ አራጋውን ገድል ላውጋችሁ። ከላሊበላ ወዲያ፣ ደጋው ላይ ባለች ስሟን በማልጠራት ወረዳ የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበሩ። ዘመኑም የቢፒአር፣ የግምገማና የምርጥ ተሞክሮ ዘመን ነው።

ጎረቤት ወረዳ በየቤቱ መጸዳጃ አስቆፍሮ፣ ሜዳ ላይ ከመጸዳዳት ነጻ ወጣሁ ሲል ነጭ ባንዲራ ሰቀለ። አቶ አራጋው ይህን በዞን ስብሰባ ሰምተው ሲመለሱ ምሳ እንኳ አልበሉም። በማግስቱ ሠራተኛውን ሰብስበው ወረዳችን ከአእምሮ ሕመም ነጻ መውጣቷን አወጁ። እውነቴን ነው፣ ከመቆፈር ማወጅ ይቀላል።

የአእምሮ ጤና ከፍተኛ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያችን ወይዘሮ ስሜነሽ ብቻ ተነሡና አርባ ሰባት ታማሚ እንዳላቸው ተናገሩ። እኚህ ሴት ዕድሜያቸውን በእግራቸው ቤት ለቤት ሲዞሩ የፈጁ ናቸው። ደሳለ የሚባለውን ገበሬ ከምሰሶ ሰንሰለት ያስፈቱት እሳቸው ናቸው። እናቱን እማማ ብርቅዬን አግባብተው፣ የንስሐ አባታቸውን ለምነው፣ ኪኒኑን በፀበል እንዲውጥ አስማሙ። ይኸው ደሳለ ገብሱን ያርሳል፣ በየወሩ መጥቶም ኪኒኑን ይወስዳል። ሰንሰለቱ ግን ዛሬም ምሰሶው ሥር ተቀምጧል፤ ኪኒኑ የቀረ ቀን ምን እንደሚመጣ እናቱ ያውቃሉ።

አቶ አራጋው አርባ ሰባቱን ታማሚ የአመለካከት ችግር ነው አሉ። ወይዘሮ ስሜነሽንም ግለ ሂስ አስደረጓቸው። የእኛም ነጭ ባንዲራ ጽሕፈት ቤቱ ደጅ ሲሰቀል አጨበጨብን። እኔ ከሁሉም አብልጬ አጨበጨብኩ፤ ልጆች አሉኝ።

ወር ሳይሞላ ከበላይ ደብዳቤ መጣ፤ ታማሚ ለሌለው ወረዳ መድኃኒት አይላክም ይላል። ደሳለ ሲመጣ ባዶ መደርደሪያ ጠበቀው። ወይዘሮ ስሜነሽ ከሌላ ወረዳ ለምነው የሁለት ሳምንት ኪኒን አመጡለት። እሱም የዋዛ አይደለም፣ ማመልከቻ አጻፈ፦ «ጉዳዩ፦ ታማሚ ሆኜ እንድቀጥል እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ»። አቶ አራጋው አነበቡትና ዳሩ ላይ «ከስኬታችን ጋር ይጋጫል» ብለው ጽፈው ለወይዘሮ ስሜነሽ መለሱት። እማማ ብርቅዬ በዚያ ሳምንት ሰንሰለቱን አውጥተው አዩት፣ አለቀሱና መልሰው አስቀመጡት።

እግዜር ደግሞ የራሱ ግምገማ አለው። ከስምንት ወረዳ እንግዶች ተሞክሮ ሊቀስሙ ይመጣሉ ሲባል አቶ አራጋው እንቅልፍ አጡ። በመስኮት ሆነው ከባንዲራው ጋር ማውራት ጀመሩ። አንድ ቀን አቶ አራጋው ወደ ወይዘሮ ስሜነሽ ክፍል ገብተው በሩን ዘጉ። እኔ ጥግ ላይ ፋይል እየፈለግሁ ነበር፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ደግሞ ማን ያየዋል?

«ለእኔ የሚሆን ነገር አይጠፋም መቼም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ሐኪሙ አይቶ ያዝልዎታል። መደርደሪያው ግን ባዶ ነው፤ ያስጠረጉት እርስዎ ነዎት» አሉ ወይዘሮ ስሜነሽ፤ አልተቆጡም። የደሳለን ማመልከቻ ከመሳቢያ አውጥተው ፊታቸው አኖሩ። «ይህን ይፍቀዱ። አንድ ታማሚ ከተገኘ አርባ ሰባቱም ይገኛሉ፣ መድኃኒቱም ይመጣል።»

አቶ አራጋው ፈረሙ። ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ።

መድኃኒቱ የገባ ዕለት ወረፋው እስከ ባንዲራው ደርሶ ነበር። ደሳለ የሁለት ሳምንቷን ጨርሶ በማለዳ መጥቷል። አቶ አራጋው ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ከኋላው ቆሙ። ደሳለ ዞር ብሎ አያቸው፤ በጫማቸው ለያቸው መሰለኝ። ዝቅ ብሎ እጅ ነሣና ተራውን ለቀቀላቸው።

«አይዞዎት ጌታዬ» አላቸው፣ «እኔም ሲጀምረኝ ጤነኛ ነኝ ብዬ አውጄ ነበር።»