ፍየሏ ብቻዋን ያለፈችበት ፊልም

ከአንድ የፊልም ዳይሬክተር ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ ተጣልቼ ኖሬያለሁ። እሱ አያውቅም ነበር። እንኳን ጸባችንን፣ እኔ የምባል ሰው መኖሬንም አያውቅ። ቢሆንም ጸብ ጸብ ነው፤ ከልብ ከያዙት አንድ ሰው ይበቃዋል።

እስቲ ፍረዱኝ። ሰው ፊልም ይሠራል። ሕዝቡ ያየዋል፣ ያለቅስበታል፣ ንግግሩን በቃሉ ይይዘዋል። ዓመታት ካለፉ በኋላ ሰውዬው ብድግ ይልና «ያኔ አቅም ስላልነበረኝ ነው እንጂ ያሰብኩት እንዲህ አልነበረም» ብሎ ይቆራርጠዋል፣ ይቀባባዋል፣ አዲስ ነው ብሎ ያወጣዋል። ማን አስተካክል አለው? እኛ ያለቀስነው በተበላሸው ነው። የፊልሙን ስም አልጠራም፤ ወሎ ውስጥ የተሠራ የፍቅር ፊልም ነው ካልኳችሁ ይበቃል። ዳይሬክተሩ ሆደ ባሻ ነው ይባላል።

ያኔ የነበርኩት ሳዑዲ ነው፤ ጂዛን፣ ከአል-ኹባ ዝቅ ብሎ ባለ የማንጎ እርሻ ላይ። የመን ጦርነት ላይ ነበረች፤ ድንበሩም ከእኛ ሩቅ አልነበረም። ከባድ መሣሪያው ሲያጉረመርም መጀመሪያ መጀመሪያ የእርሻው ፍየሎች ይደነብሩ ነበር፤ በኋላ ቀና ማለቱንም ተዉት። እኛም ተውነው።

ሦስት ነበርን። አንዱ እኔ ነኝ። ሌላው ባቲ ላይ ልብስ ሰፊ የነበሩት አያ እንድሪስ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከሁለታችን ይበልጣል፣ ምላሳቸውም እንደዚያው። ሦስተኛው ይመር ነው። ይመር ሲባል እስላምም ክርስቲያንም ሊሆን ይችላል፣ ወሎ ነዋ! ይኼኛው ክርስቲያን ነው። ሦስታችንም በየመን በኩል በእግር የገባን፣ ሦስታችንም ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ወረቀት የሌለን ነን።

ፊልሙ የእኔ ነው። ማለቴ ሚሞሪው። ከኮምቦልቻ ስነሳ ሱሪዬ ወገብ ላይ ሰፍቼው ነው የወጣሁት። ባሕር ተሻገረ፣ በረሃ አቋረጠ፤ ደላሎቹ ስልኬን ሲወስዱ እሱን አላገኙትም። ቀትር ላይ በጂዛን ፀሐይ ማን ይሠራል? ከውሃ ፓምፑ ቤት ጥላ ሥር እንጋደምና በይመር ስልክ እናየዋለን። በየቀኑ ማለት ይቻላል። ታሪኩ ባጭሩ፣ ልጅቷ ፍቅረኛዋን መናኸሪያ ድረስ ትሸኘዋለች፤ እመለሳለሁ ይላታል፤ አይመለስም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ይኸው ነው።

ታዲያ መናኸሪያው ላይ፣ ልጅቷ እንባዋን ስታዘራ፣ ከኋላዋ አንድ ጎረምሳ ፍየል እየጎተተ ያልፋል። ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። መሀል ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ ካሜራውን አፍጥጦ ያያል፤ ከዚያ ይሄዳል። ያ ጎረምሳ ይመር ነው።

ፍየሏን ሊሸጥ ደሴ ወስዷት ነበር አሉ። የፊልም ቀራጺዎቹ መንገድ ዘግተው፣ በዚህ የሚያልፍ ሁሉ ወደ ካሜራው እንዳያይ ብለው ለፍፈዋል። «አታይ ስለተባልኩ ነው ያየሁት» ይላል ይመር። እውነቱን ነው። አታይ ተብሎ የማያይ ማን አለ? ዳይሬክተሩ ጮኾ ነበር፤ ግን ልጅቷ ያን የመሰለ እንባ ሁለተኛ አልመጣ ስላላት እንዳለ ተወው።

እዚያ ቦታ ስንደርስ ሁላችንም «ያዘው! ያዘው!» እንላለን። ይመር ስልኩን ነካ አድርጎ ያቆመዋል። ራሱን ያያል። ያኔ ፊቱ ሞላ ያለ ነው። «እኔ'ኮ ነኝ» ይላል፣ በየቀኑ፣ የተከራከረው ሰው ያለ ይመስል። ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል። በዚያ አገር ላይ እኔ ነኝ የሚልበት ሌላ ምን ነበረው? የያዘው ወረቀት ያ ሦስት ሰከንድ ነው።

ያን ወረቀት ያጠፋሁት ደግሞ እኔ ነኝ። አንድ ዓርብ ሚሞሪውን ኪሴ ውስጥ ረስቼ ሱሪዬን አጠብኩት። ጨምቄ አሰጣሁት፣ ደረቀ፣ ሚሞሪውን ስልኩ ውስጥ አስገባነው፤ ዝም። አያ እንድሪስ ተቀብለው አገላበጡና፣ በሕይወቴ እንዲህ የጸዳ ፊልም አይቼ አላውቅም አሉ። ይመር ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ነው እንግዲህ ወሬው የመጣው። ፊልሙ ታድሶ ዩቲዩብ ላይ ወጥቷል! ኢንተርኔት የሚይዘው የውሃ ታንከሩ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው፤ እሱም ድንበር ላይ ነገር ካልከረረ። ይመር እዚያ ላይ ወጥቶ ሁለት ቀን ሙሉ አወረደው። ሦስተኛው ቀን ጥላችን ሥር ተጋደምን።

ምን ልበላችሁ! ቀለሙ እንደ አዲስ ሸራ ያበራል። ግን ዋሽንቱን አውጥተው ፒያኖ ከተቱበት። ፀሐይ የነበረበት ቦታ ዝናብ አዘነቡ። መጨረሻው ላይ ከሩቅ አንድ አውቶቡስ ብቅ ይላል፤ ልጁ ተመልሶ ይሆናል ለማለት ነው። እኔ ደሜ ፈላ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንዴ ከወጣ በኋላ የሰው ነው አልኩ። አያ እንድሪስ በበኩላቸው ሰውዬው የገዛ ሥራውን ቢያርም ማን ያገባዋል አሉ። እኔም የሰፉትን ሱሪ ከሸጡ በኋላ ደንበኛዎ ቤት ገብተው ይተረትሩታል እንዴ ብዬ ጠየቅኳቸው። እሳቸው ግን ዝንፍ አላሉም። «ጠማማ ስፌት ካየሁበት አዎ፤ የሚታማው የእኔ እጅ ነዋ!» ብለው አረፉት። እኛ ብቻ አልነበርንም። ከፊልሙ ሥር ባለው ኮሜንት ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሎ ይቧቀሳል። ከቤሩት አንዷ «ዋሽንቴን መልሱልኝ» ብላ ጽፋለች። አንዱ ደግሞ እናንተ ላላደጋችሁት ፊልሙ ምን ያድርግ ብሎ ተሳድቧል።

መናኸሪያው ደረሰ። «ያዘው! ያዘው!» አልን። ልጅቷ አለቀሰች። ፍየሏ መጣች። ፍየሏ አለፈች። ይመር የለም።

መልሰን አየነው። የለም። አያ እንድሪስ ናቸው መጀመሪያ የሳቁት፤ ከዚያ እኔ። ይመር አልሳቀም። በኋላ የዳይሬክተሩን ቃለ ምልልስ ስንሰማ፣ ካሜራ እያዩ ሥራዬን ያበላሹብኝን ሰዎች በኮምፒዩተር አጽድቻለሁ ብሏል። «ቆሻሻ ነኝ እንዴ?» አለ ይመር። ፍየሏ ወደ ካሜራው ስላላየች ተርፋለች። ለነገሩ የተነገራትን የሰማችው እሷ ብቻ ናት።

የይመር ሐዘን ግን ስለ ፊልሙ ብቻ አልነበረም። ትርንጎ የምትባል የደብረ ታቦር ልጅ አለች፤ ጂዛን ከተማ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ። በአገር ልጅ አማካይነት በስልክ ተዋውቀው አምስት ወር አውርተዋል፤ ተያይተው ግን አያውቁም። ኮንትራቷ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል፤ አገር ገብተው ሊጋቡ መነጋገር ጀምረዋል። ከሱ በፊት አንዱ ኢቃማም መኪናም አለኝ ብሎ በስልክ አታሏት ኖሮ፣ ለይመር ከመጀመሪያው ቀን አስጠንቅቃዋለች፦ አንዲት ውሸት ከያዝኩብህ በቃ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ አይፈረድባትም። ይመርም አልዋሸም፤ ኢቃማ የለኝም፣ እርሻ ላይ ነኝ ብሎ ሁሉንም ነገራት። አንድ የሚኮራባት ነገር ብትኖር ያቺን ነገራት። ፊልም ላይ አለሁ፣ መናኸሪያው ጋ፣ ፍየል የምጎትተው እኔ ነኝ አላት።

ትርንጎ ከፍታ አየች። የታደሰውን ነዋ! ያው የሚገኘው እሱ ነው።

በዚያው ቀን ደወለች። ስልኩ ስለሚጮኽ ሁላችንም ሰማን። «በማርያም፣ ሰው ላም አለኝ በሰማይ ሲል ሰምቻለሁ፤ ፍየል አለኝ በፊልም ሲል ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ» አለችው። ቆርጠውኝ ነው አላት። «የተቆረጠው የእኔና የአንተ ነገር ነው። ኸላስ፣ በቃ፤ እንዳትደውልልኝ!» ብላ ዘጋችው። የያዘችበት ውሸት እውነት ነበር። ከዚህ የባሰ ምን አለ?

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሚሞሪውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። በድምፅ መልእክት ምዬ ተገዝቼ ላኩላት፤ ስንቴ በዓይኔ አይቼዋለሁ አልኳት። መለሰችልኝ፦ «አንተ ደግሞ የትኛው ነህ? በጉ ነህ?»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብዬ ኦርጅናሉን ፍለጋ ወጣሁ። ቀድሞ የድንበሩ ኬላ ያለበት ጡዋል ላይ ፊልም የሚጭኑ ሱቆች ነበሩ፤ ኬላው በጦርነቱ ከተዘጋ ወዲህ ግን የሚከፍተው ጥቂት ነው። ስለዚህ አል-ሙወሰም ወደምትባል ከተማ የሚሄድ ፒክአፕ ላይ በማንጎ ሣጥኖች መሀል ተኝቼ ሄድኩ። መንገድ ላይ ፍተሻ ቢኖር ኖሮ ይኼን ወግ የምትሰሙት ከሌላ ሰው ነበር። እዚያ አንድ የመናዊ የስልክ ሱቅ አለው፤ የእኛን አገር ፊልም ሳይቀር በሚሞሪ ይጭናል። ፈልጎ ፈልጎ አዲሱን አወጣልኝ። አሮጌውን ነው የምፈልገው ስለው በአዘኔታ አየኝና «ያ አኺ፣ አሮጌውን ማን ይፈልጋል? ይኼ ነዲፍ ነው» አለኝ። ወንድሜ፣ ይኼ ንጹሕ ነው ማለቱ ነው። ጸድቶ ነው እንጂ ጓደኛዬን ያጣሁት! ግን ይኼን በዐረብኛ ማስረዳት ከየት ይምጣ። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ስደርስ የእርሻው ባለቤት ፍየል ፎቶ እያነሳ ነው። ከፊል፣ ማለትም የመኖሪያ ወረቀት የሚያወጣ አሠሪ ዋስ፣ እንለዋለን፤ በወረቀት ከፊላችን አይደለም፣ አፋችን ለምዶ ነው። ወጠጤ ሊሸጥ ሲፈልግ ፎቶውን በስልክ ይለቀዋል። ወረቀት የሌለው ሰው ፎቶው ውስጥ ከታየ ጣጣ ስላለው፣ ገመዱን የያዝነውን «ያላ፣ ወራ! ወራ!» እያለ ወደ ኋላ ያርቀናል። ገመዱን ግን አትልቀቁ ይላል፤ ፍየሉ ይሄድበታላ! እኔም ከነድካሜ ገመዱን ተቀብዬ ከፎቶው ወጥቼ ቆምኩ። ጅል ነኝ መሰለኝ፣ ገመዱን በእጄ ይዤው ምንም አልታየኝም።

የታየው ለትርንጎ ነው። ከሳምንት በኋላ፣ ቀትር ላይ፣ የይመር ስልክ ጮኸ። ሰላምታ የለም፣ እንዴት ዋልክ የለም።

«ገመዱን ማን ነው የያዘው?» አለች።

«የቱን ገመድ?» አላት ይመር።

«የፍየሏን ነዋ! ተወጥሯል'ኮ። ፍየሏ እየተጎተተች ነው። ማን ነው የሚጎትታት?»

ዘለን ፊልሙን ከፈትን። ልጅቷ ታለቅሳለች፤ ፍየሏ ትመጣለች፤ ከአንገቷ ላይ ገመድ ተነስቶ፣ ተወጥሮ፣ አየር ላይ ሄዶ ያልቃል። ጫፉ ላይ ማንም የለም። ሰውዬውን ሲያጸዱ ገመዱን ረስተውታል! ስንት ጊዜ አይተነዋል? እኛ ግን ይመርን ስንፈልግ ገመዱን ማን አየ? አያ እንድሪስ «ላ ኢላሃ ኢለላህ! ስፌቱ ተተርትሮ ክሩ ቀርቷል'ኮ» አሉ።

እንዴት አየሽው ብሎ ጠየቃት። የዚያን ቀን ጠዋት አሠሪዋ መዳም ሕፃኗን ፎቶ ታነሳ ነበር። ሕፃኗ ገና መቀመጥ አልጻናችም፤ ትርንጎ ሶፋው ላይ ከጀርባዋ ተንበርክካ፣ በጨርቅ ተሸፍና፣ ወገቧን ደግፋ ትይዛታለች። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። ፎቶው ሲታይ ሕፃኗ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ዘመድ ሁሉ ማሻአላህ፣ ተቀመጠች ይላል። «ወገቧ ላይ ጨርቁ ጨምደድ ብሏል» አለች ትርንጎ። «እዚያ ውስጥ ያለው የእኔ እጅ ነው። ያኔ ፍየልህ ትዝ አለችኝ።» ቀጥላም «ስላላመንኩህ ይቅር በለኝ» አለችው።

ይመር ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። እኔም ለአያ እንድሪስ አቀበልኳቸው። እሳቸው መረቋት።

ትርንጎ ኮንትራቷን ጨርሳ አገሯ ገባች። ይመርም በእግሩ ሄዶ ለፖሊስ እጁን ሰጠ፤ ወደ አገሬ ላኩኝ አለ። ወራት ፈጀ እንጂ ላኩት። የሠርጋቸውን ቪዲዮ አይተነዋል። ቪዲዮ ቀራጺው ካሜራውን እዩ ሲላቸው ሁሉም ያያል፤ ይመር ብቻ ትርንጎን ያያል። አሁንም የተባለውን አይሰማም።

ክርክሩስ? ተገለበጠ። እኔ የኦርጅናሉ ጠበቃ ዛሬ የታደሰውን ንኩትና እንተያያለን ባይ ሆኛለሁ። በአሮጌው ፊልም ይመርን ያየነው እኛና እናቱ ነን፤ ያጠፉት ጊዜ ነው ሰው ያየው። ከዳይሬክተሩም በልቤ ታረቅኩ። አያ እንድሪስ ግን፣ ክር ያስቀረ ልብስ ሰፊ ዳግመኛ መቀስ እንዳይዝ ብለው ዞሩበት።

ሰሞኑን ታዲያ ሰውዬው ለሦስተኛ ጊዜ ሊያድሰው ነው የሚል ወሬ ሰማን። ገመዱን አይቶ ያጠፋው ይሆናል ብለን ሰጋን። መክረን ዘክረን፣ እኔና አያ እንድሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማምተን፣ ከፊልሙ ሥር ኮሜንት ጻፍን፦ «የተከበርክ ዳይሬክተር፣ የፈለግከውን አድርግ፤ መናኸሪያው ላይ ያለችውን ገመድ ብቻ አደራህን እንዳትነካት።»

በማግስቱ መለሰልን። እሱ ራሱ፣ በገዛ ስሙ።

«የምን ገመድ?» ይላል።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ነበር። ይኸው አሁን መኖሬን አውቋል፤ ፊልሙንም ከፍቶ ገመዱን እየፈለገ ነው።