ላሟ የወለደችው እንስሳ

ሙያውን መሥሪያ ቤቱ ትቶ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ገና አልተወለደም። ነርሷ ለሰላምታ የያዘችውን እጅ ሳትለቅ የልብ ምት ታዳምጣለች፤ ዳኛው እራት ላይ ሁለቱንም ወገን ካልሰማ ወጥ አያወጣም፤ ቀያሹ የሰው ሳሎን ሲገባ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ግድግዳው መዝመሙን ያያል። ከሁሉም የሚከፋው ግን አስተማሪ ነው፤ ከአስተማሪም ኮምፒውተር የሚያስተምረው። ካላመናችሁ ፀዳለን ጠይቋት። ክቡር መምህር ይድነቃቸውን ያገባችው እሷ ናት።

ክቡርነታቸው ሶዶ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የፕሮግራም አጻጻፍ ያስተምራሉ። እምነታቸው አጭር ነው፦ አንድ ነገር ሁለቴ አይጻፍም። የጋራ የሆነውን ሁሉ "እናት ክላስ" የሚሉት ላይ አንዴ ያሰፍሩታል፤ ከሥሯ ያሉት ዓይነቶች ከእሷ ይወስዳሉ። "እናቲቱ ላይ ጻፈው፣ ልጆቹ ይወርሱታል" ይላሉ፤ ለተማሪም፣ ለቧንቧ ሠራተኛም፣ ለሚስታቸውም። ፀዳለ ሳህን እንዲያጥቡ ስታዛቸው አንዱን ብቻ አጥበው፣ የቀሩት እስኪወርሱ ቁጭ ብለው የጠበቁበት ቀን አለ።

ከእሳቸው ጋር ሥጋ ቤት መግባት ቅጣት ነው። ቆራጩ ጥሩ ሥጋ አለ ሲላቸው ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። ዳቢት አለ፣ ሽንጥ አለ፤ ሥጋ የሚባል ሥጋ ግን በዓለም ላይ የለም፣ ስም ብቻ ነው። እንደዚሁ እንስሳ የሚባል እንስሳ የለም፤ ያለው ላም ነው፣ ፍየል ነው፣ በግ ነው። ከኋላ የተሰለፈው ሕዝብ ይህን ትምህርት በነፃ ያገኛል።

የጎረቤት ልጅ ክርስትና ሲነሣ ደግሞ ቄስ ገብረአማኑኤልን ጥግ አስያዟቸው። የክርስትና አባት ግዴታ እንጂ ንብረት አያወርስም፣ ስለዚህ በእኛ ሙያ አባት ሳይሆን ኢንተርፌስ፣ ማለት ባዶ የግዴታ ዝርዝር፣ ይባላል አሏቸው። ቄሱ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

"ልጄ፣ ይሄ ኮምፒውተር ነው ወይስ ኑፋቄ?"

ፀዳለ የኮታቸውን እጅጌ ጎተተች። በዚህ የተነሣ የዚያ ኮት ግራ እጅጌ ከቀኙ ረዝሟል።

ነገሩ የመረረው በላሟ ነው። የፀዳለ አባት አቶ ተሻገር በሕይወት ሳሉ፣ ገሱባ አጠገብ ከሚኖሩት ከጋሽ ቦሼ ጋር አንዲት ላም በጋራ ይዘው ነበር። በወላይታ የተለመደ ነው፤ አንዱ ይገዛል፣ ሌላው ያበላል፣ ወተቱ ላበላው ቤት ይሆናል፣ ጥጃው የሁለቱም። ፊርማ የለበትም፣ ቃል ነው። አባቷ ከሞቱ በኋላም ጋሽ ቦሼ ቃሉን አላጠፉም። ሶዶ በመጡ ቁጥር አይብ ይዘው ደጇ ይቆማሉ፣ የአባቷን ቀልድ ያወሯታል። ከአባቷ ወገን በሯን የሚያንኳኳ ሌላ ሰው አልቀረላትም።

ክቡርነታቸው ለዚህ ቃል ፕሮግራም እንደሚያስፈልገው ወሰኑ። እናት ክላሷን "እንስሳ" አሏት፤ ከሥሯ ላም፣ ፍየልና በግ አደረጉ። የጋራ ባለቤት የሚመዘገበው ላም ላይ ነው። መውለድ ግን የሁሉም ነው፤ ስለዚህ እናቲቱ ላይ አንዴ ጻፉትና እጃቸውን አራገፉ።

ላሟ ወለደች። ባልና ሚስት ስኳርና ጨው ይዘው፣ መምህር ላፕቶፑን በዚያ ጎርበጥባጣ መንገድ እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው፣ ገሱባ ወረዱ። ጎረቤት ተሰብስቧል። ጥጃዋ ደረቷ ላይ ነጭ ያላት፣ እግሯ ገና የሚንቀጠቀጥ ሴት ናት። መምህር ግቢው መሀል ተቀምጠው "ወለደች" የሚለውን ቁልፍ ነኩ። ደግፌ የሚባለው ጎረቤት በትከሻቸው ላይ ተንጠራርቶ፣ ለሁሉም እንዲሰማ አነበበ።

"አዲስ እንስሳ ተወልዷል። ዓይነት፦ እንስሳ። ባለቤት፦ የለም።"

ደግፌ ራሱ ሳቀ። በዓለም ላይ የለም የተባለው እንስሳ ገሱባ ላይ ተገኘ አለ፤ ሥጋ ቤት ከኋላቸው ተሰልፎ ያውቃል መሰለኝ። ጋሽ ቦሼ አልሳቁም። ጥጃዋን አዩ፣ ማሽኑን አዩ፣ ከዚያ ፀዳለን አዩ።

"ተሻገር ሲሞት ባለቤት ነበረ። እኔም ነበርኩ" አሉ ቀስ ብለው። "ቃላችን ከተማ ሄዶ የለም ከተባለ፣ እኔ ከተሻገር ልጅ ጋር አልከራከርም። ላሟን ከነጥጃዋ ውሰዱ።"

ፀዳለ ባሏ አፉን ሲከፍት ባየች ጊዜ እጇን ወደ እጅጌው ሰደደች፤ አልደረሰችም። አንቱታው እዚህ ላይ ይቅርና፣ ይድነቃቸው ማስረዳት ጀመረ። እናቲቱ ላይ "አዲስ እንስሳ ፍጠር" ብዬ ጻፍኩ አለ። ላሟ ስትወልድ ትእዛዙን ያገኘችው ከላይ ነውና የራሷን ዓይነት ሳይሆን የላይኛውን ወለደች። እንስሳ ደግሞ ባለቤት የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ማለት የነበረብኝ "የወለደችው ማን ናት? የእሷን ዓይነት ፍጠር፣ ያላትንም ስጣት" ነበር።

ጋሽ ቦሼ እስኪጨርስ ጠበቁ።

"ስለዚህ ጥፋቱ ያንተ ነው?"

"የእኔ ነው፣ ጋሽ ቦሼ።"

"ላሟስ?"

"ላሟ ትክክል ናት።"

ፀዳለ ይህን ሰው ካገባች ጀምሮ ማስረዳቱ ይቅርታ ሆኖ ሲወጣ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። እዚያው ተቀምጦ አስተካከለና እንደገና ነካው። አሁን ደግፌ ሳይስቅ አነበበ።

"ዓይነት፦ ላም። ባለቤቶች፦ ቦሼ እና ተሻገር።"

ፀዳለ በአባቷ ቦታ የባሏን ስም፣ ቢበዛ የራሷን ነበር የጠበቀችው።

"ተሻገር እኮ ሞቷል" አሉ ጋሽ ቦሼ።

"ላሟ ላይ ያለው ስም የእሱ ነው" አለ ይድነቃቸው። "ጥጃዋም ከእናቷ ወሰደች። እኔ የምነካው ነገር አይደለም።"

ጋሽ ቦሼ ሄደው የላሟን ገመድ ከራሳቸው ግንድ ጋር ጠበቅ አድርገው አሰሩና፣ ለእንግዶቹ አይብ እንዲቀርብ ወደ ቤት ተጣሩ።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ክቡርነታቸው አጠገባቸው ለተቀመጠ አንድ ምስኪን ተሳፋሪ፣ የላይኛዋ እናት የታችኛዋን ልጅ እንዴት ልትወልድ እንደምትችል ማስረዳት ጀመሩለት። ሰውየው በመስኮት ቢያይም አላመለጠም። ሊያድነው የሚችል እጅጌ መጎተት ብቻ ነበር፤ እጅጌው ደግሞ ፀዳለ ጭን ላይ ነበር።

አልጎተተችውም። ወደ ባሏ ዘወር ብላ፣ መልሱ ሶዶ እስኪገቡ እንደማያልቅ እያወቀች፣

"ፍየሏ ብትወልድስ?" አለችው።