የሚስተር ጋልብሬዝ ጠመኔ

መርከብ የሚሠራበት ወንዝ ሁሉ አንድ የማይቀርለት ሰው አለ፤ ሌላው ሲሠራ እንከን የሚፈልግ፣ እንከን ሲያጣ ደግሞ የሚከፋው። ለእኛ ለክላይድ ወንዝ፣ ለጎቫን ሠፈር የተመደቡልን ክቡር ሚስተር ኢቤኔዘር ጋልብሬዝ ናቸው። ሌላ ወንዝ የተሻለ ደርሶት እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን በሥራ ቀን ሪቬት እየቀጠቀጥኩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሠፈሩ ጋዜጣ እየሞነጫጨርኩ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ችያቸዋለሁ።

መርከብ የሚሰፋው በሪቬት ነው። ሁለት ላሜራ ይደራረባል፣ በእሳት የቀላው ወፍራም ምስማር በቀዳዳው ይገባል፣ ከዚያ እኔ በቀኝ፣ ጓደኛዬ ፊንሌይ በግራ ቆመን ጫፉ እስኪጠፈጠፍ በመዶሻ እንወርድበታለን። ስንጨርስ ሚስተር ጋልብሬዝ ይመጣሉ። በቀኝ እጃቸው ትንሽ መዶሻ ይዘዋል፣ ጠመኔያቸው ጆሯቸው ላይ ተሰክቷል፣ ግራ እጃቸውን ላሜራው ላይ ደገፍ ያደርጋሉ። መደገፋቸውን እርጅና ነው ብለን ትተነው ነበር። የላላ ሪቬት በድምፁ ይለያልና አንዱን ኳ ያደርጉና ያልፋሉ፣ ሌላውን ኳ ያደርጉና ያልፋሉ፤ ያልወደዱትን ግን በጠመኔ ይከቡና "አውጡት" ይላሉ። አውጡት ማለት በመሮ ቆርጣችሁ፣ ፈንቅላችሁ፣ እንደገና አግላችሁ፣ እንደገና ቀጥቅጡ ማለት ነው። ምስጋና ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። በጣም ደስ ያላቸው ቀን "ይለፍ" ብለዋል፤ እሱም ለባሕር ኃይል ለሠራነው የጦር መርከብ ነው።

ነገሩ በመርከብ መሥሪያው ግቢ አጥር ቢያበቃ ኖሮ ምን ነበረበት። መዶሻቸው ግን እሑድ አታውቅም። የቤተ ክርስቲያናችንን መስበኪያ ሰገነት መርምረው ሁለተኛው ደረጃ ላይ ክብ አድርገውበታል፤ ቄሱ እስከ ዛሬ ያቺን ደረጃ ዘለው ነው የሚወጡት። የሚስስ መክሊሽን የበግ ሥጋ ፓይ ገና ከምድጃ እንደወጣ ቅርፊቱን ኳ ኳ አድርገው "ውስጡ አልሞላም" ብለው መልሰውላታል። የሚያበሽቀው፣ እውነትም አልሞላም ነበር።

የድሮው አለቃችን የሞቱ ጊዜ ደግሞ ሣጥኑ ወደ ጉድጓድ ሊወርድ ሲል ሚስተር ጋልብሬዝ ራመድ ብለው ወደ ፊት ወጡ። ሣጥኑን የሠራው አናጢ ፊቱ አመድ መሰለ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። "ይለፍ" አሉ፤ ሟቹም ወረዱ።

በእኔ ቤትማ አይነሣ። ሻይ ሊጠጡ በመጡ ቁጥር የደጁን በር ማጠፊያ ከበው ይሄዳሉ፤ ባለቤቴ ኢሶቤል በነጋታው በእርጥብ ጨርቅ ትፈገፍጋለች።

"ሮሪ፣ እኒህ ሰውዬ በሬን የትምህርት ቤት ሰሌዳ አደረጉት እኮ" አለችኝ አንድ ቀን።

"ማጠፊያው ላልቷል እንዴ?"

"ላልቷል። እሱ ነው የሚያናድደኝ።"

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ከአራት ዓመት በፊት፣ ከካልካታ ሻይ የምታመላልስ የጭነት መርከብ እየሠራን ሳለ፣ ሚስተር ጋልብሬዝ በአንድ ጠዋት አሥራ አንድ ሪቬት ከበቡብኝ። አሥራ አንድ። ከኋላቸው ቆሜ ስለ እናታቸው፣ ስለ መዶሻቸውና ስለ ወዲያኛው ዓለም መኖሪያቸው ሆዴ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ ዘረገፍኩት። ዘወር እንኳ አላሉም። አሥራ ሁለተኛውን በእርጋታ ከበቡ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሰውየው አይሰሙም። ትንሽ ሳይሆን ጨርሶ አይሰሙም። ያ ጆሮ ጠመኔ ከመያዝ ሌላ ሥራ አልነበረውም።

ይህን ለማወቅ እንዴት ያን ሁሉ ዓመት ፈጀባችሁ የሚለኝ ሰው ጎቫንን አያውቅም። መዶሻ የሁላችንንም ጆሮ ግማሽ ግማሹን በልቶታል። እኛ ዘንድ ሙሽራ እሺታዋን የምትሰጠው እየጮኸች ነው፤ ቄሱ የሚጸልዩት እየጮኹ ነው፤ ግቢ ውስጥማ የምንነጋገረው በእጅ ምልክትና በከንፈር ነው። አንዱን ጠይቀህ መልስ ባይሰጥህ ቅር አይልህም። በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ጨርሶ የማይሰማ ሰው ማን ይለየዋል።

ሌላ ሰው ቢሆን ዋጥ አድርጎ ይይዘው ነበር። እኔ አፌ አያርፍም። ከሥራ እንደወጣን መሸታ ቤት ገብቼ "ሪቬት የሚያዳምጡልን ሰውዬ ጆሮ የላቸውም" ብዬ ቤቱን በሳቅ ሞላሁት። ከሳቁት አንዱ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ እንደነበር ያወቅኩት ሰኞ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ፔምበርተን ከደቡብ የመጡ አዲስ ሰው ናቸው፤ ጓንት አድርገው ብረት የሚነኩ ዓይነት። ሰኞ ጠዋት ትእዛዝ ወጣ። ሃያ ሪቬት ያለበት ላሜራ ይዘጋጃል፤ አንዱ ሆን ተብሎ ይበላሻል። ሚስተር ጋልብሬዝ ያንን ካላገኙ፣ ወይም ደህናውን አውጡ ካሉ፣ የዚያኑ ዕለት መዶሻቸውን አስረክበው ይሰናበታሉ። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ መዶሻዋ ከሄደች ምን ይቀራቸዋል? ሃያውን ሪቬት እንዲመቱ የታዘዙት ደግሞ እኔና ፊንሌይ ነበርን።

ጉድ የምላችሁ፣ ያን ቀን እሳቸውን ሲራገም ያልኖረ አንድም ሰው በግቢው አልነበረም፤ የሚስቅ ግን አንድም አልተገኘም። አምስተኛውን ሪቬት አበላሸሁ፤ ለቀሩት ነፍሴን ሰጠኋቸው። ከዚያ ፊንሌይን ወደ ጥግ ጎተትኩት።

"ፊት ለፊታቸው ትቆማለህ። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ አፍንጫህን ታካለህ።"

"ማከክ ብቻ?"

"ብቻ።"

"አንተ ያን ዕለት አፍህን ብታክ ኖሮ እኮ እዚህ አንደርስም ነበር" አለኝ።

ሚስተር ጋልብሬዝ ላሜራው ፊት ቆሙ። ግራ እጃቸውን ደገፍ አደረጉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፊንሌይ ምስኪን አፍንጫው እስኪቀላ አከከ፤ ማን ይይለት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት አለፉ። አምስተኛውን ኳ አደረጉና ጠመኔውን ከጆሯቸው አወረዱ። ከበቡት። ነፍሴ መለስ አለች።

ግን ቀጠሉ። አሥራ ሰባተኛው ላይ አንዴ መቱ፤ ሁለቴ መቱ፤ ሦስቴ መቱ። ጠመኔው እንደገና ወረደ።

"አውጡት።"

ክው አልኩ። ሚስተር ፔምበርተን ፈገግ አሉ። "የተበላሸው አንድ ብቻ ነው። ይህኛው ደህና ከሆነ ግን፣ ሚስተር ጋልብሬዝ፣ በግምት ነው ሲሠሩ የኖሩት ማለት ነው።" ወደ እኔ ዞሩና "ይውጣ" አሉ።

መሮውን አነሣሁ። አሥራ ሰባተኛው ደህና እንደነበር በልጄ መማል እችል ነበር፤ በገዛ እጄ ነው የመታሁት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴ ሥራ ብልሹ እንዲሆንልኝ ጸለይኩ። ጭንቅላቱን ቆርጬ አንዴ ከኋላው መታ ሳደርገው፣ ሳይታገለኝ ሾልኮ ወጥቶ እግሬ ሥር ወደቀ። ቀዳዳውን አልሞላም ነበር።

"ይህን ማን ነው የመታው?" አሉ ሚስተር ፔምበርተን።

"እኔ ነኝ፣ ጌታዬ" አልኩ። እንደዚያ ደስ እያለኝ ጥፋቴን አምኜ አላውቅም።

ሚስተር ጋልብሬዝ ያኔ የሥራ አስኪያጁን ጓንት ራሳቸው አወለቁላቸው። ጣታቸውን ያዙና ግማሹን ሪቬቱ፣ ግማሹን ላሜራው ላይ አስቀምጠው፣ አምስተኛውን ኳ አደረጉት። ልል ሪቬቱ ጣታቸው ሥር ሲንቀጠቀጥ ሚስተር ፔምበርተን እጃቸውን እንደ መሸሽ አደረጉ። ደህናውን ኳ አደረጉት፤ ጣታቸው እንዳለ ቆየ።

"ጆሮዎት መስማት ያቆመው መቼ ነው?" አሉ ሚስተር ፔምበርተን፣ አሁን ቀስ ብለው።

ሽማግሌው ከንፈራቸውን አዩ። "ድሮ፣ አሮጊቷ ንግሥት በሕይወት ሳሉ። የጠየቀኝ ሰው የለም።"

በማግስቱ ፊት ለፊታቸው ቆሜ ስለ አፌ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። "ያን ጠዋት ከኋላዬ ስትጮህ ላሜራው ይንቀጠቀጥ ነበር" አሉኝ። "ምን እንዳልክ አላውቅም። ስለ ደህንነቴ እንዳልሆነ ግን ጣቴ ነግሮኛል።" ከዚያ ዘወር ብለው ሁለት ሪቬት ከበቡብኝ።

እነሆ በዚህ ሳምንት ጡረታ ወጡ። ግቢው የግድግዳ ሰዓት ሸለማቸው፤ ንግግሩ ሳያልቅ ጎኑን ኳ ኳ አድርገው ለሰዓት ሠሪው መለሱለት። እኔም ይህን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት እንዲያዩት ቤታቸው ድረስ ወሰድኩላቸው። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና ሦስት ቦታ ከበቡት።

የመጀመሪያው ስለ ጢማቸው የጻፍኩት ነበር። አወጣሁት። ሁለተኛው ስለ ወንዛችን ታላቅነት የደረደርኩት ነበር፤ "ውስጡ ባዶ ነው" አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ እሱንም አወጣሁት። ሦስተኛው "ሚስተር ጋልብሬዝ፣ እወድዎታለሁ፤ ከሰኞ ጀምሮ ያ ግቢ ያለ እርስዎ ጭር ሊልብኝ ነው" የሚለው ነው።

"አውጣው" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ መልሴን እንዳያዩ።

በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ጠመኔያቸው አርፎበት ሳላወጣው የቀረሁት እሱን ብቻ ነው።