ካርታው ውስጥ የገባው ጫካ

[በሴፍዊ ደን ጥግ፣ የመንደሩ የካካዎ መረከቢያ መጋዘን ደጃፍ። ከሰዓት በኋላ ነው። ለዘንድሮ የመጨረሻው የሆነው የጭነት መኪና ሞተሩን አጥፍቶ ቆሟል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይነሣል። ንሲያ የእሑድ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ ከአሥራ አራት ጆንያዎቹ በአንዱ ላይ እንደ ዙፋን ተሰይሟል። የሚስቱ ወንድም ቦአዱ ጭቃ የደረቀበት ቦቲ ተጫምቶ ከጎኑ ቆሟል። አማቾች ናቸውና፣ እንደ አገሩ ወግ፣ «አኮንታ» ይባባላሉ።]

ንሲያ፦ አውልቀው አልኩህ!

ቦአዱ፦ ቦቲውን?

ንሲያ፦ ታዲያ ሱሪህን ልልህ ነው? መጋዘን የሚመጣ ሰው ነጠላ ጫማ ያደርጋል። እኔን አታይም?

ቦአዱ፦ አየሁህ እንጂ አኮንታ። ጉንዳን እግርህን እየበላው ነው።

ንሲያ፦ [እግሩን እያራገፈ፣ ምንም እንዳልተሰማው ሰው] ይብላኝ! ስማ፣ ቦቲ የሚያደርግ ሰው የሚያባርረው ነገር ያለበት ነው። ሥራ ያባርረዋል፣ ዕዳ ያባርረዋል፣ ሚስቱ ታባርረዋለች። እኔን ማን ያባርረኛል?

ቦአዱ፦ እኅቴ ትናንት በዘነዘና ስታባርርህ አይቻለሁ።

ንሲያ፦ እሱ ሌላ ነው! እሱ የጣሪያ ጉዳይ ነው። ከዝናቡ በፊት ቤቱን በቆርቆሮ ካልከደንኩ እናቷ ቤት እንደምትገባ ነግራኛለች። ለዚህ ነው ይህ ካካዎ ዛሬ፣ በዚህ መኪና የሚጫነው። ይቺ መኪና ካመለጠችኝ ካካዎው ይሻግታል፣ ሚስቴ ፖኩዋም ትሄዳለች።

ቦአዱ፦ እናታችን ቤትም እኮ ያፈሳል።

ንሲያ፦ ዝም በል። ለመሆኑ እርሻህ ሲለካ ስንት ሄክታር ወጣልህ?

ቦአዱ፦ አንድ ተኩል።

ንሲያ፦ አያታችሁ ያወረሰህ ሁለት አልነበረም? ግማሹን ማን ዋጠው?

ቦአዱ፦ የመለኪያውን ስልክ ይዤ ድንበሩን ስዞር፣ ጥጉ ላይ ያለውን ኩይሳ በውጭ አለፍኩት። ካካዎ አልተከልኩበትማ። የወንዙንም ዳር ተውኩት። ከዚያ የአያቴ መቃብር አለ…

ንሲያ፦ መቃብሩ ደግሞ ምን አደረገህ?

ቦአዱ፦ እሱ ያረፈበትን «እርሻዬ ነው» ብዬ ሥራ ላስጀምረው?

ንሲያ፦ [ጭኑን እየመታ] ወይ አኮንታ! ካርታህን አይቼዋለሁ እኮ፤ ፍየል የገመጠው ቅጠል ነው የሚመስለው! በል የኔን ጠይቀኝ።

ቦአዱ፦ ያንተስ?

ንሲያ፦ ሦስት የነበረው ዘጠኝ ወጣ።

ቦአዱ፦ [በጣም አስቦ] ካካዎ ይራባል?

ንሲያ፦ ጭንቅላት ነው የሚራባው! መጀመሪያ ሕጉ ይግባህ። ባሕር ማዶ ያሉት ገዢዎች «ደን ተመንጥሮ የተተከለ ካካዎ አንገዛም» አሉ። እሺ?

ቦአዱ፦ እሺ።

ንሲያ፦ የኛም መንግሥት ይህንኑ በንግድ ደንቡ ውስጥ አስገባው። ካርታ የሌለው ጆንያ ታኮራዲ ወደብ አይደርስም። እያንዳንዱን እርሻ ሳተላይት ከሰማይ ያየዋል።

ቦአዱ፦ ያየዋል? እርሻውን ብቻ?

ንሲያ፦ ሁሉን።

ቦአዱ፦ ከኮላው ዛፍ ኋላ ስቀመጥም?

ንሲያ፦ ሳተላይቱ ላንተ ጣጣ ጊዜ የለውም! ቁም ነገሩን ያዝ። እነዚህ ሰዎች የሚወዱት ምንድን ነው?

ቦአዱ፦ ቸኮላት።

ንሲያ፦ ደን! ደን ነው የሚወዱት! ታዲያ እኔ፣ ሰው የሚወደውን የማውቅ ሰው፣ ምን አደረግሁ? ስልኩን ያዝኩ፤ ከእርሻዬ ጫፍ ቀጥ ብዬ ወደ ተከለለው የመንግሥት ደን ገባሁ፤ እስከ ገደሉ ሄጄ ዞሬ መጣሁ። አሁን ካርታዬ ላይ እርሻ ያለው ጫካ ሳይሆን ጫካ ያለው እርሻ ነው የሚታየው። ከሰማይ ሲያዩኝ ያጨበጭባሉ።

ቦአዱ፦ ግን አኮንታ፣ ደኑ ያንተ አይደለም።

ንሲያ፦ አልቆረጥኩት! አንድ ቅርንጫፍ አልነካሁም! አብሮኝ ፎቶ እንዲነሣ ነው ያደረግሁት። ደግሞ ለብቻዬ አልበላሁትም፤ በዘንባባ ጠጅ ቤቱ ለስድስት ሰው ምሥጢሩን አስተምሬያለሁ። ያውልህ፣ ከኋላችን ተሰልፈዋል። ሲያዩኝ ኮፍያ ያነሣሉ።

[ወደ ኋላ ይዞራል። ከማንጎው ዛፍ ሥር ስድስት ኮፍያዎች በአንድ ጊዜ ይነሣሉ። ንሲያ እንደ አለቃ እጁን ያነሣላቸዋል፤ በልቡም የዘንድሮውን የምርጥ ገበሬ ሽልማት ተቀብሎ ጨርሷል።]

ቦአዱ፦ ተራችን ደረሰ። ቅደም።

ንሲያ፦ አንተ ቅደም። መዝጋቢዋ መጀመሪያ ፍየል የገመጠውን አይታ፣ ቀጥላ የኔን ስታይ ልዩነቱ ይግባት።

[ቦአዱ ወደ መስኮቱ ይሄዳል። የእርሻ ካርዱን ለመዝጋቢዋ ይሰጣል። ካርዱን የሚያነበው መሣሪያ አንድ ጊዜ ይጮሃል። ስምንት ጆንያዎቹ ወዲያው ተጭነው፣ አረንጓዴ ወረቀት ይዞ ይመለሳል።]

ንሲያ፦ አረንጓዴ ነው የሰጠችህ? አይ… አይዞህ፣ ለዓመቱ ትሻሻላለህ።

[ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። መሣሪያው ሦስት ጊዜ ይጮሃል። የመዝጋቢዋ ድምፅ በዝግታ፣ የንሲያ ድምፅ በፍጥነት ይሰማል። ቀይ ወረቀት ይዞ ይመለሳል።]

ቦአዱ፦ ቀይ ነው።

ንሲያ፦ ለትልቅ ሰው ምን ዓይነት ምንጣፍ ነው የሚዘረጋው? ቀይ! ሴትዮዋ በጣም ነው የተደነቀችው፤ ሦስቴ ነው «እውነት ይህን ሁሉ አንተ ነህ ዞረህ ያስለካኸው?» ያለችኝ። እኔም ሦስቴ «በገዛ እግሬ!» ብዬ ፈረምኩላት። መነጽሬን ረስቻለሁ፤ አንብብልኝ። ጮክ በል፤ እነዚያም ይስሙ።

ቦአዱ፦ [በጣቱ እየተከተለ] «ከተመዘገበው… ዘጠኝ ሄክታር… ስድስቱ…»

ንሲያ፦ ስድስቱ!

ቦአዱ፦ «…በተከለለ ደን ውስጥ… የሚገኝ በመሆኑ…»

ንሲያ፦ በመሆኑ! ሽልማቱ መጣ!

ቦአዱ፦ «…ካካዎው ለውጭ ንግድ… ተቀባይነት የለውም።»

[ንሲያ ወረቀቱን ነጥቆ፣ ገልብጦ፣ አርቆ፣ አቅርቦ ያየዋል። ቀይነቱ ግን ከየትም ሲያዩት ያው ነው።]

ንሲያ፦ ምን ማለት ነው? እዚያ አንድም ካካዎ አልተከልኩም እኮ!

ቦአዱ፦ ታዲያ እርሻዬ ነው ብለህ ለምን ፈረምክ?

ንሲያ፦ ደን ይወዳሉ ብዬ ነዋ!

ቦአዱ፦ የሚወዱት አንተ የሌለህበትን ደን ነው አኮንታ።

ንሲያ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ስማኝ ወንድሜ። አንተ ጥሩ ሰው ነህ። ምንጊዜም ለፖኩዋ እነግራታለሁ። ጆንያዎቼን ባንተ ካርድ እናስገባቸው።

ቦአዱ፦ ካርዴ ለአንድ ተኩል ሄክታር ስምንት ጆንያ ነው የሚቀበለው። ስምንቱንም አስገባሁ።

ንሲያ፦ ያን ኩይሳ ብትጨምረው ኖሮ!

ቦአዱ፦ ኩይሳ ካካዎ ያፈራል?

ንሲያ፦ በቃ አለቀልኝ! ጣሪያውም ቀረ፣ ሚስቴም ሄደች። ፖኩዋ ዘነዘናውን…

ቦአዱ፦ ገና አልጨረስኩም።

ንሲያ፦ ምኑን?

ቦአዱ፦ ወረቀቱን። ቶሎ አላነብም ታውቀኛለህ፤ አንተም አላስጨረስከኝም። ከታች ጽሑፍ አለ። «ስሕተት ከሆነ… ድንበርተኛ ባለበት… እንደገና ይዙር።»

ንሲያ፦ ድንበርተኛ? ድንበርተኛዬ ማን ነው?

ቦአዱ፦ [ከረጅም ሐሳብ በኋላ] እኔ ነኝ መሰለኝ።

ንሲያ፦ አንተ ነህ! አንተ ነህ እንጂ! ትመሰክርልኛለህ?

ቦአዱ፦ እመሰክራለሁ፤ ግን ኩይሳውን በውጭ ታልፈዋለህ።

ንሲያ፦ በውጭ!

ቦአዱ፦ የአያቴን መቃብር ትተዋለህ።

ንሲያ፦ ይረፍ ሽማግሌው! ማን ያስነሣዋል?

[መዝጋቢዋ የመለኪያውን ስልክ በመስኮት ታቀብላለች። ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል።]

ንሲያ፦ ኧረ አኮንታ! እርሻው ከመጋዘኑ ጀርባ ይሁን እንጂ ረግረጉ አለ፣ ዳገቱ አለ፣ እሾሁ አለ። በዚህ ነጠላ ጫማ አንዱን ዙር ስጨርስ መኪናዋ ታኮራዲ ትደርሳለች!

[በዚህ መሐል የመስኮቱ መሣሪያ ሦስት ጊዜ ይጮሃል። ደግሞ ሦስት ጊዜ። ደግሞ ሦስት ጊዜ። ቀይ ወረቀቶች አንድ በአንድ ከመስኮቱ ይወጣሉ። ኮፍያዎቹ አሁን አይነሡም፤ ከሥራቸው ያሉት ፊቶች ግን ንሲያን እየፈለጉ ነው።]

ንሲያ፦ [ሳይዞር] ስንት ናቸው?

ቦአዱ፦ አራት… አምስት… ስድስተኛውም ወጣ። አንደኛው ዱላ ይዟል።

ንሲያ፦ ወደ ማን ነው የሚያዩት?

ቦአዱ፦ ወደ አስተማሪያቸው።

ንሲያ፦ አኮንታ… ያን ቦቲህን…

ቦአዱ፦ [ቁጭ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ቦቲውን እያወለቀ] እንካ። የሚያባርረው ነገር ላለበት ሰው ነው ብለህ የለ?

ንሲያ፦ በአንድ ሰዓት የምዞረው ይመስልሃል?

ቦአዱ፦ [ወደሚሮጡት ስድስት ሰዎች አሻግሮ እያየ] ግማሽ ሰዓትም አይፈጅብህም።